አስፕሪኑን ለራስ ምታቱ ብንተወው

ባለፈው ቅዳሜ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ እህቴ ቤት ስገባ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጇ ፊቷን ኖራ ተቀብታ ጠበቀችኝ። ኖራ መሰለኝ እንጂ አስፕሪን ነው። አራት ፍሬ በማንኪያ ጀርባ ደቁሳ፣ በማር ለውሳ፣ ሎሚ ጠብ አድርጋበታለች። «አክስቴ አታስቂኝ፣ ይሰነጠቃል» አለችኝ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። ለብጉር ነው አሉ። ቲክቶክ ላይ አይታ ነው።

እውነት ለመናገር ነገሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የብጉር ክሬሞች ውስጥ ሳሊሲሊክ አሲድ የሚባል ነገር አለ። ቅባት ውስጥ ስለሚሟሟ የተደፈነው የቆዳ ቀዳዳ ድረስ ገብቶ የሞተውን ቆዳ ያላቅቃል። አስፕሪን ደግሞ የእሱ የቅርብ ዘመድ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 ባየር ኩባንያ ውስጥ የተሠራው ከዚሁ አሲድ ነው፤ አሲዱ ሲዋጥ ሆድ ስለሚያቃጥል።

ዘመድ ነው እንጂ ራሱ አይደለም። አስፕሪን ወደ ሳሊሲሊክ አሲድ የሚመለሰው እርጥበት ሲያገኘው፣ ያውም ቀስ እያለ ነው። መሳቢያ ውስጥ የከረመ አስፕሪን ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ለዚህ ነው። ፊት ላይ በሩብ ሰዓት ምን ያህሉ እንደሚለወጥ ማን ለክቶ? ክሬሙ ላይ ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ተብሎ ተጽፏል። ሳህኑ ላይ ግን የተጻፈ ነገር የለም። (በፓናዶልስ ይሆናል? ብላኛለች። አይሆንም፣ እሱ ዘመድም አይደለም።)

እኔን ያስፈራኝ ግን ሎሚው ነው። የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠል፣ ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ፀሐይ ስል ደግሞ የድሬን ፀሐይ ነው የምለው አቦ! የእኛ ዓይነት ቆዳ ደግሞ ቂመኛ ነው፤ ትንሽ ከተቆጣ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ብጉሩ በሳምንት ይጠፋ ነበር።

አስም ያለባት ወይም አስፕሪን የማይስማማት ደግሞ ጭራሽ አትሞክረው። በነገራችን ላይ ድሬ ላይ አስፕሪን በዘፈቀደ መዋጥም አይመከርም። በ2013 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የገባብን ደንጊ፣ ትንኝ የምታስተላልፈው ትኩሳት፣ አሁንም ይመላለሳል፤ ደንጊ የያዘው ሰው አስፕሪን ከዋጠ ሊደማ ይችላል።

ልጅቷን ግን አልፈርድባትም። ደህና ክሬም ውድ ነው። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ለመግባት ደግሞ ወረፋው አለ። በየሱቁ ስሙ በማይታወቅ ብልቃጥ የሚሸጠው የፊት ማቅያ ከዚህ የባሰ ነው፤ ብዙዎቹ ውስጥ ቆዳን የሚያሳሳ ስቴሮይድ ይገባል። ከሁለቱ ምረጪ ብባል አስፕሪኑን እመርጣለሁ፣ ያለ ሎሚ። ሳልገደድ ደግሞ የሶማሌ ጎረቤቶቻችንን ቀሲል፣ የቅጠል ዱቄቱን፣ በውሃ በጥብጬ እቀባለሁ። እኔ አርባዬን አልፌያለሁ፣ እስካሁን አልከዳኝም።

ታጥባ ስትመጣ ጉንጯ ላይ በርበሬ የነካው የሚመስል ክብ ቀይ ነገር ወጥቷል። «ያቃጥልሻል?» አልኳት። «ትንሽ» አለች። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ከዚራ ሰፈር ቀጠሮ አለባት። ነጠላዬን ከራሴ ላይ አውርጄ ፊቷ ላይ ጣል አደረግኩላትና ባጃጅ ጠራሁ።