«የስኪ ትኬቱን እዛው ስንደርስ እንገዛለን» ላላችሁኝ

ከበረዶ ሸርተቴው ተራራ አሁን ገና ዴንቨር መግባታችን ነው። ካልሲዬ አልደረቀም፣ ግን ይሄን ሳልጽፍ አልተኛም። ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ታግ አላደርግም። ለጊዜው።

ኦክቶበር ላይ ለመንኩ። ኖቬምበር ላይ ለመንኩ። የስኪ ትኬት የሲኒማ ትኬት አይደለም፣ ፓሱ፣ ማለትም ቀድሞ በቅናሽ የሚገዛው የመግቢያ ካርድ፣ የአንድ ቀኑም ቢሆን ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ሽያጩ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ መስኮት ላይ የሚጠራው ዋጋ ሌላ ነው አልኩ። መልሳችሁ? አውራ ጣት። አንዷ የሚጸልይ እጅ ላከች።

እና ጠዋት መስኮቱ ጋ ቆምን። ትኬት ሻጩ ልጅ ሃያ ዓመት የሞላው አይመስልም።

«ፓሳችሁን?»

«የለንም፣ አሁን ልንገዛ ነው።»

«አሁን?» አለና ዞር ብሎ ጓደኛውን አየ። ከ200 ዶላር በላይ ጠራ። ዋጋውን አውቀዋለሁ፣ እሱ አይደለም ያመመኝ። ከኋላዬ የመጣው ድምፅ ነው።

«ስድስት ነን በለው። ብዙ ስንሆን አይቀንስም?»

ዝም አልኩ። አልሰማ መሰልኩ። እሱ ሆዬ ገፋ አድርጎኝ ራሱ ጠየቀ፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ያውም ጮክ ብሎ! ልጁ በጣም በትሕትና «ጌታዬ፣ ይሄ የአንድ ሰው ነው። ቅናሹ ኖቬምበር ላይ ነበር» አለው። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። የመርካቶ ብርድ ልብስ ልትከራከር ነው ወይ ተራራ ላይ የወጣኸው?

ደግሞ አራታችሁ ስኪ ረግጣችሁ አታውቁም። ለጀማሪ የሙሉ ተራራ ትኬት ምን ያደርግለታል? ትምህርቱ፣ የዕቃው ኪራይና የጀማሪዎቹ ሊፍት (ሰውን ወደ ላይ የሚያወጣው) አንድ ላይ ያለበት ጥቅል ነበር። ቀድሞ ካልተያዘ ግን በማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል ረዥም ዊክኤንድ የሚገኝ ነገር አይደለም። እናንተ ተራራውን በሙሉ ከፍላችሁ፣ ቆመውባት ወደ ላይ የምትወስደዋ ምንጣፍ ላይ ዋላችሁ። እዚያም ወደቃችሁ።

ቀኑንስ ማን መረጠው? ከገና በፊት ጾም ነው ተባለ። ዐቢይ ጾም ከገባ አይሆንም፣ ጥብስ ያልተያዘበት ምኑን ሽርሽር ሆነ ተባለ። ፈቃድ የሚወስድ የለም። ስለዚህ አሜሪካ በሙሉ ግልብጥ ብሎ የሚወጣበት ዊክኤንድ ላይ እኛም ወጣን። በዚያ ላይ የጥምቀት ሰሞን። እናቴ እስካሁን አልደወለችም፣ እሱም ይጠብቀኛል።

መንገዱን አታንሱብኝ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ብዬ ነበር፣ 2 ሰዓት ላይ ወጣን። ወደ ተራራው የሚወስደው አውራ ጎዳና፣ አይ-70፣ ቅዳሜ ጠዋት አይጠብቅም። የሁለት ሰዓት መንገድ አራት ሆነ። መንገዱ ተራራውን ሰንጥቆ በሚያልፍበት አይዘንሃወር ዋሻ ላይ ራሴን አመመኝ ያላችሁት፣ ዋሻው 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው እኮ፣ ከእንጦጦ ይበልጣል! «እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ነን፣ ከፍታ ለምደናል» አይሠራም፣ ታች ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ስንት ዓመት ኖራችሁ? ውኃ ጠጡ ስል ቡና አፈላችሁ።

ያ ራሰ በራ ጎማህስ? በአይ-70 ሕግ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31፣ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው መንገድ፣ የጎማ ጥርስ ቢያንስ 3/16 ኢንች፣ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ጎማው ራሱ የበረዶ ወይም የጭቃና በረዶ ምልክት ካልኖረው፣ መኪናውም በአራቱም ጎማ የማይነዳ ከሆነ፣ ሰንሰለት ያስፈልጋል። ቅጣቱ ከ130 ዶላር በላይ፣ መንገድ ከዘጋህ ከ650 በላይ። «ትናንት አሳጥቤዋለሁ» ብሎ መልስ ምንድነው?

ስኪ ማከራያው ቤት ቅጽ ላይ ክብደቷን 15 ኪሎ ቀንሳ የሞላችው እህቴ፣ ያ ቅጽ የጋብቻ ማመልከቻ አይደለም። ጫማሽን ስኪው ላይ የሚይዘው ማሰሪያ በስንት ኃይል እንደሚለቅ የሚሞላው በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜ፣ በጫማው ሶል ርዝመትና በችሎታ ነው። ስታሳንሺው ማሰሪያው ይላላል፣ ገና ስትታጠፊ ስኪው ይፈታል። ሰባት ጊዜ ስኪሽን ከበረዶ ያወጣሁት ለዚህ ነው። ችሎታ የሚለው ላይ «በጣም ጎበዝ» ብሎ የሞላው ደግሞ ይባስ፣ የሱ ጠብቆ በወደቀ ጊዜ አይለቅም፣ ጉልበቱ ነው የሚዞረው። እግዚአብሔር አተረፈው።

ሁለት ካልሲ ደርባችሁ እግራችን ቀዘቀዘ አላችሁ። ስለደረባችሁ ነው የቀዘቀዘው! ጫማው ሲጠብ ደም አይዘዋወርም። አንድ ቀጭን የሱፍ ካልሲ ብዬ በፎቶ ልኬያለሁ። ጂንስ ለብሶ የመጣውን ተውኩት፣ እስከ ምሳ በረዶ ሠርቶ እንደ ቆርቆሮ ደርቆለታል። «እኛን ፀሐይ አያቃጥለንም» ያልከውም ነገ አፍንጫህን በመስታወት እይ።

ደከመኝ።

አሁን ግሩፑ ላይ «ፌብሩዋሪ ላይ እንድገመው» ብሎ የጻፈ አለ፣ አውራ ጣቱ ስድስት ደርሷል። የኔ የለበትም፣ አንዱ ሁለት ስልክ አለው ማለት ነው። መኪናዬ ውስጥ ሦስት ጓንት ቀርቷል፣ ሦስቱም የግራ ናቸው፣ መጥታችሁ ውሰዱ።