ለርስት የሚሟገት፣ ለደመወዝ የሚያፍር

ጎንደሬ ሙግት አይፈራም። ለአንዲት ጥማድ መሬት፣ ለአንድ የወሰን ድንጋይ አባት የጀመረውን ክርክር ልጅ ሲጨርሰው አይተናል። «በላ ልበልሃ» እያለ ዛፍ ሥር ቆሞ ሲከራከር የኖረ ሕዝብ ነው። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም። ይኸው ሰው ግን ከሥራው ያለ አግባብ ሲባረር «እሱ ያውቃል» ብሎ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይወጣል። ይህን ጠባይ ይዘን ነው አሜሪካም የገባነው።

እኔ የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። የኛ ሰው ፓርኪንግ፣ ኤርፖርት፣ ሆቴል፣ የአረጋውያን መጦሪያ የማይሠራበት የለም። ከማውቃቸው አንዱ የአዘዞ ልጅ ነው። በአንድ የመኪና ማቆሚያ ድርጅት ውስጥ ዓመታት ሠርቷል። ሌሊቱን ሙሉ ጋራዡን ብቻውን ሲያስተዳድር የኖረ ሰው ነው። የኃላፊነት ቦታ ሲከፈት ግን እሱ ራሱ ሥራ ያስተማረው ነጭ ልጅ ተሾመ። ለምን ብሎ ሲጠይቅ፣ ማናጀሩ «አነጋገርህ ለደንበኛ አይገባም» አለው። በዚያ ሁሉ ዘመን «ቁልፌን አምጣ» ብሎ ያልተግባባው ደንበኛ አልነበረም! እዚያ ላይ «እናንተ አገር መኪና አለ እንዴ?» የምትለዋ ቀልድ አለች። እሷ በየሳምንቱ ትመጣለች።

ለዚህ ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ሠራተኛን በዘሩ፣ በቀለሙ፣ በሃይማኖቱ፣ በፆታውና በመጣበት አገር ምክንያት መበደልን ይከለክላል። አነጋገርም የሚታየው ከመጣህበት አገር ጋር ተያይዞ ነው። አሠሪ ቅላጼህን ምክንያት ማድረግ የሚችለው ሥራውን በእርግጥ የሚያደናቅፍ ከሆነ ብቻ ነው። አቤቱታውን የሚቀበል የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን የሚባል መሥሪያ ቤት አለ፤ ሥራ የጀመረው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው። ለማመልከት ገንዘብ አይጠየቅም። አመልክተህ አለቃህ ቂም ይዞ ፈረቃህን ቢያዛባ ወይም ቢያባርርህ፣ እሱ ራሱ ሌላ ጥፋት ነው። ለጓደኛህ የመሰከርክ እንደሆነም ያው ነው።

ሰዓቱ ግን ይሮጣል። ለኮሚሽኑ የሚቀርብ አቤቱታ በ180 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፤ ግዛቱ የራሱ ተመሳሳይ ሕግና መሥሪያ ቤት ካለው 300 ቀን ይሆናል። ኮሚሽኑ «መክሰስ ትችላለህ» የሚል ደብዳቤ ሲሰጥህ ደግሞ ፍርድ ቤት ለመሄድ 90 ቀን አለህ። የአዘዞው ልጅ ይህን ሁሉ የሰማው ቀኑ ካለፈ በኋላ፣ ለቅሶ ቤት ቁጭ ብሎ ነው። መረጃ የምንለዋወጠው እዚያ ነዋ።

ቀድሞ ቢሰማስ ይከስ ነበር ወይ? ጠየቅኩት። «እንዴት አድርጌ! ሥራው ውስጥ ያስገባኝን ሰው ላዋርደው?» አለኝ። ያስገባው ሰው የአገሩ ልጅ ነው፤ እዚያው ድርጅት ውስጥ ይሠራል። የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ርስት ከአባት የመጣ የራስ ነው፤ ማንም አልቸረህም፣ ስለዚህ ትሟገትለታለህ። ሥራ ግን ሁሌም አንድ ሰው «ያስገባህ» ነው። ችሮታ ነው። ለችሮታ ደግሞ ፍርድ ቤት አይኬድም፤ ይሉኝታ አለ።

አገር ቤት ስሄድ የሚገጥመኝ ጥያቄ ታዲያ ተቃራኒው ነው። ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ስናወራ «እናንተማ ታድላችኋል፣ እዚያ ሕግ አለ» ይሉኛል። አንዱማ «በቀለምህ ከተሰደብክ ሚሊየነር ትሆናለህ አሉ» አለኝ። ማን እንደሚያወራው እንጃ። ካልተከፈለ ደመወዝ ውጪ ለጉዳትና ለቅጣት የሚፈረደው ገንዘብ በ1964ቱ ሕግ ጣሪያ አለው፤ ከ500 በላይ ሠራተኛ ላለው ድርጅት እንኳ 300,000 ዶላር ነው። እዚያ ለመድረስም ማስረጃ ይጠየቃል፤ በየትኛው ቀን፣ ማን ፊት፣ ምን ተባልክ።

የማይነገረው ሌላው ነገር፣ አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው አለቃህ «ከነገ ጀምሮ አትምጣ» ለማለት ምክንያት አያስፈልገውም። የተከለከሉት ጥቂት ምክንያቶች ናቸው፤ በነሱ የተነሳ እንደተባረርክ የምታሳየው ደግሞ አንተ ነህ። የኛ አዋጅ በዚህ በኩል ይሻላል። እዩልኝማ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ያለ ሕጋዊ ምክንያት አይሰናበትም ይላል። አንቀጽ 26 ደግሞ በምንም መልኩ ምክንያት ሊሆኑ የማይችሉትን ይዘረዝራል፦ ብሔር፣ ፆታ፣ ሃይማኖት፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ ዘር፣ ቀለም፣ እርግዝና፣ ማኅበራዊ አቋም፣ ሌላም። በአሠሪው ላይ አቤቱታ ማቅረብም ለመባረር ምክንያት አይሆንም። በነዚህ ምክንያት የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራው የመመለስ መብት አለው። መመለስ ካልፈለገ ካሣ ወስዶ ይሄዳል። ይህን ለፓርኪንጉ ሰው ስነግረው ሳቀብኝ፤ «እሱ ወረቀት ነው» አለ። ወረቀት ነው፤ የርስት ካርታም ወረቀት ነበር።

አዋጁ የማይነካቸው አሉ። የቤት ሠራተኛዋ አንዷ ናት፤ አዋጁ እሷን ትቷታል። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው።

«ማኅበራዊ አቋም» የምትለዋን ቃል ሳነብ የምትመጣብኝ ወለቃ ናት። ከጎንደር ወጣ ብላ በደባርቅ መንገድ ላይ ያለችው። ቤተ እስራኤሎች ሸክላ ሲሠሩ፣ ብረት ሲቀጠቅጡ፣ ሲገነቡ የኖሩባት። ማረሻውን ከነሱ ገዝቶ፣ እንስራውን ከነሱ ወስዶ፣ «ቡዳ» እያለ አብሯቸው የማይበላ ሰው ነበር። ዛሬ በጎንደር ነገሥታት ግቢዎች ኮርተን ቱሪስት እናስጎበኛለን፤ ስለ ግንበኛው እጅ ብዙ አናወራም። እነሱ እስራኤል ሲገቡ ደግሞ የቀለም መድልዎ ጠበቃቸው። በ1996 እ.ኤ.አ. የለገሱት ደም ሲደፋ እንደኖረ ሲታወቅ አደባባይ ወጡ። በ2015 እ.ኤ.አ.ም ወጡ፤ ያን ጊዜ ምክንያቱ የፖሊስ ድብደባ ነበር። እዚህ በእጃቸው ሥራ የተናቁ፣ እዚያ በቆዳቸው። «መድልዎ የፈረንጅ በሽታ ነው፣ እኛ ጋ የለም» የሚለኝን ሰው ወለቃ ድረስ በባጃጅ ልውሰደው እላለሁ፤ ሒሳቡን እኔ።

ዲያስፖራውም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። የ1964ቱ ሕግ የሚይዘው 15ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን አሠሪ ነው። ብዙ የሐበሻ ሬስቶራንትና መደብር ከዚያ በታች ነው። «የአገሬ ሰው» ተብሎ በካሽ የሚከፈለው፣ ቲፑ የሚቆረጥበት፣ ቅዳሜና እሑድ ያለ ዕረፍት የሚሠራው ልጅ አለ። ዘንድሮ ደግሞ «ከወዴት ነህ?» ተብሎ በብሔሩ የሚመረጥም አለ። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት አንድ ሕግ አለ። አጼ ቴዎድሮስ ጎንደርን ባቃጠሉበት ዓመት፣ በ1866 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ የዘር መድልዎን የሚከለክል የአሜሪካ ሕግ ነው። የሠራተኛ ብዛት አይጠይቅም። በ1987 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህ ሕግ ዘር ሲል የዘር ሐረግንም እንደሚጨምር ወስኗል። ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ደግሞ የከተማዋ የሰብዓዊ መብት ሕግ አንድ ሠራተኛ ያለውን አሠሪም ይይዛል፤ ማመልከቻውም እስከ አንድ ዓመት ይቀበላሉ። የሐበሻ አሠሪ በሐበሻ ይከሰሳል ወይ ካላችሁ፣ ይከሰሳል። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ስትገናኙ ማን ሰላም እንደሚላችሁ ግን ሕጉ አይናገርም።

አሁን ከፊቴ ያለው ጉዳይ የአክስቴ ልጅ ነው። ጎንደር ውስጥ አንድ ሆቴል ካሸር ነበረች። ጸጥታው ደፍርሶ ቱሪስቱ ከራቀ ወዲህ ሆቴሉ ባለቤት ቀየረ፤ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የሠፈሩን ልጆች ይዞ መጣ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ «ሠራተኛ ቀንሰናል» ተባለች፤ በሳምንቱ ቦታዋ ላይ ሌላ ልጅ ተቀመጠች። ደብዳቤ የለም፣ የሥራ ልምድ ወረቀት የለም። ውሏን ግን አላጠፋችውም። በስልክ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፤ ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው፣ ደመወዙ በፊደልም በአኃዝም ተጽፏል።

«ክሰሻ!» አልኳት።

«አይ ጋሼ፣ ያስገቡኝ የክርስትና አባቴ ናቸው። ምን ይሉኛል?»

«እሳቸውን አይደለም የምትከሺው።»

«እሱማ ልክ ነህ፤ ግን ስማቸው ይነሳል።»

ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በሦስት ወር ውስጥ ካልገባ መብቱ እንደሚቀር ነገርኳት። ሠራተኛ ለሚያቀርበው ክስ የዳኝነት እንደማይከፈልም ነገርኳት። አሰበችና «ከጥምቀት በኋላ እናየዋለን» አለችኝ። ጎንደር ውስጥ ከገና ወዲያ ሁሉ ነገር ከጥምቀት በኋላ ነው፤ ሠርጉም፣ ዕዳውም፣ ሽምግልናውም። ሦስቱ ወር የሚያልቀው የካቲት መጀመሪያ ላይ ነው። ውሉን ኮፒ አድርጋ አንዱን እናቷ ጋ እንድታስቀምጥ ነግሬያታለሁ፤ ለክርስትና አባቷ ደግሞ እኔው ልደውልላቸው ነው።