ማስተካከያ፦ ስለ ድሮን የበረራ ከፍታ

ባለፈው ከድሮን ፎቶዎች ካርታ ስለ መሥራት ስጽፍ «በሚሽን ፕላነር (የበረራ ማቀጃ ፕሮግራም) እያንዳንዱ ዌይፖይንት (ድሮኑ የሚያልፍበት ነጥብ) ላይ 80 ሜትር ከሞላችሁ፣ ድሮኑ ሁሌም ከመሬት 80 ሜትር ከፍ ብሎ ይበራል» ብዬ ነበር። ስህተት ነው። «ሬላቲቭ» በሚለው ምርጫ ከፍታው የሚለካው ድሮኑ ከተነሳበት ቦታ ነው፤ ድሮኑን የሚያበረው ሶፍትዌር፣ የአርዱፓይለት፣ ይፋዊ መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ከዳገት ግርጌ አስነስታችሁት መሬቱ 60 ሜትር ከፍ ካለ፣ ከድሮኑ ሥር የሚቀረው 20 ሜትር ብቻ ነው፤ ያደገ ባሕር ዛፍ ይደርስበታል። ባይጋጭ እንኳ፣ በ80 ሜትር ከፍታ 75 በመቶ እንዲደራረቡ የታቀዱት ፎቶዎች እዚያ ላይ ጭራሽ አይደራረቡም፤ ካርታው ቀዳዳ ይኖረዋል። መሬቱ ዝቅ ሲል ደግሞ ምስሉ ጥራቱ ይቀንሳል።

የመሬቱን ከፍና ዝቅ ተከትሎ እንዲበር «ቴሬይን» የሚለውን ምረጡ። እሱም ቢሆን በአብዛኛው የሚመራው እ.ኤ.አ. በ2000 ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር በተሰበሰበው የኤስአርቲኤም የመሬት ከፍታ መረጃ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ የበቀለ ዛፍም ሆነ የቆመ ማማ አያውቅም።

በእኔ ጽሑፍ መሠረት ያዘጋጃችሁት የበረራ ዕቅድ ካለ፣ ከማብረራችሁ በፊት ነጥቦቹን አንድ በአንድ ፈትሹ። ድሮኑ ወደ መነሻው ሲመለስ የሚበርበት ከፍታም፣ ካልቀየራችሁት፣ የሚለካው ከመነሻው ነው።