ማስተካከያ፦ «ኤክስቴንት» በቱርክኛ «ዴሬጄ» ብቻ አይደለም

በደብረ ብርሃንና በአካባቢው ቱርክኛ በሚማሩ ወጣቶች ዘንድ በተዘዋወረ የቃላት ዝርዝር ላይ፣ ስፋትን ወይም መጠንን የሚያመለክተው «ኤክስቴንት» የተባለ የእንግሊዝኛ ቃል በቱርክኛ «ዴሬጄ» ብቻ እንደሚባል ተገልጿል። ይህ ትክክል አይደለም።

የእንግሊዝኛ–ቱርክኛ መዛግብተ ቃላት እንደሚያሳዩት ቃሉ እንደ አገባቡ የተለያየ አቻ አለው። አንድ ሥራ ወይም ሕግ የሚሸፍነውን ወሰን ለመግለጽ «ካፕሳም»፣ የጉዳትን ግዝፈት ለመናገር ደግሞ «ቦዩት» ይመረጣል፤ ስለዚህ ውርጭ በመንዝ ገብስ ላይ ያደረሰው ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ በቱርክኛ መጻፍ የሚፈልግ ሰው የሚያሻው ይኸው ሁለተኛው ነው። «በአብዛኛው» ለማለት «ቡዩክ ኦልቹዴ» ይባላል። (የእነዚህ ቃላት አንዳንድ አናባቢዎች በፊደላችን በትክክል ስለማይወከሉ ከተናጋሪ አፍ መስማት ይሻላል።)

«ዴሬጄ» ራሱ ከዓረብኛ የተወረሰ ትክክለኛ ቃል ሲሆን፣ «በተወሰነ ደረጃ» የሚለውን ሐሳብ «ቢር ዴሬጄዬ ካዳር» ብሎ ለመግለጽ ያገለግላል። የሙቀት መለኪያ ዲግሪም በዚሁ ቃል ስለሚጠራ፣ የደብረ ብርሃን ሌሊት ቅዝቃዜ በቱርክኛ ሲነገር «ዴሬጄ» ማለት ተገቢ ነው።

ዝርዝሩን ተከትሎ የአንድን ውል ወሰን «ዴሬጄ» ብሎ የተረጎመ ሰው ግን፣ ቱርካዊው አንባቢ ውሉ የሚሸፍነውን ሥራ ሳይሆን የውሉን እርከን እንዲረዳ ያደርገዋል። በውል ወይም በማመልከቻ ትርጉም ላይ ዝርዝሩን የተጠቀሙ ሁሉ በዚያ ቦታ «ካፕሳም» ብለው እንዲያስተካክሉ ይጠየቃሉ።