ፎርማት አድርጋት!

አያቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው ሲተርቱ ኮምፒውተር አልነበራቸውም። እኛ አለን። ስለዚህ ተረቱን አሻሽለነዋል፦ «ይቃጠል፤ ፎርማት እናደርገዋለን።» ዲስኩን ጠርገን ዊንዶውስን እንደ አዲስ እንጭናለን ማለት ነው።

እስቲ ደስ ያላችሁ ቢሮ ግቡና «ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈ» በሉ። ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ አንድ ድምፅ ነው የምትሰሙት። በበጀት የማይስማማ፣ በስብሰባ ሰዓት የማይስማማ፣ የቡናውን ሒሳብ ማን ይክፈል በሚለው እንኳ የሚጣላ መሥሪያ ቤት እዚህ ላይ ልብ ለልብ ይገናኛል። ፕሪንተሩ አልታይ አለ? ፎርማት። ዋይፋዩ ተቆራረጠ? ፎርማት። ማውሱ ተሰበረ? ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ፎርማት ተደርጎ ይታይ። ጥርሱን ያመመውን ሰው አንገቱን ቆርጦ አዲስ ጭንቅላት የሚተክል ሐኪም ቢገኝ እኛ አገር ወረፋው አይደረስበትም ነበር።

ግፍ እንዳይሆንብኝ እንጂ ከፎርማት በፊትም እንንከባከበዋለን። ዳንቴሉን ረሳችሁት? ክረምት ከበጋ ሲፒዩው ላይ ዳንቴል ጣል ይደረጋል፤ ከዳንቴሉ ላይ የአበባ ማስቀመጫ፣ ከአበባው ጎን የቀን መቁጠሪያ። አየር ማስገቢያው ቀዳዳ ብርድ እንዳይመታው ተሸፍኗል። ውስጥ ያለው አቧራም ከተገዛበት ቀን ጀምሮ በክብር ተቀምጧል፤ ቅርስ ስለሆነ ማንም አይነካውም። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። ፕሮሰሰሩ ሲግልበት እንዳይቃጠል ብሎ ፍጥነቱን በራሱ ይቀንሳል። እኛም እናዝንለታለን። «አረጀ» እንላለን፣ ገና ሦስት ዓመት ያልሞላውን።

ከዚያ ደግሞ ሪፍሬሹ አለ። ዴስክቶፑ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ሪፍሬሽ። ቀኝ ክሊክ፣ ሪፍሬሽ። ጎበዝ የሆነው ኤፍ 5ን ይዞ አይለቅም። ይህች ቁልፍ የምታደርገው ስክሪኑ ላይ የተደረደሩትን ምስሎች እንደገና ማሳየት ብቻ ነው። ራም አታጸዳም፣ ዲስክ አታራግፍም፣ ቫይረስ አታባርርም። ግን መኪና ውስጥ ገብቶ የሚያማትበውን ሰው «ሞተሩን ጠገንከው እንዴ?» ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ? እምነት ነው፤ አትንኩበት።

አንድ ወዳጄ ማታ ማታ ሻት ዳውን ሳያደርግ አይተኛም። በዚህም ይኮራል። «የኔ ማሽን ያርፋል» ይላል። አንድ ቀን ማሽኑ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀር ከፍተን ስናይ ማሽኑ ከተነሳ 23 ቀኑ ነው ይላል።

«ይዋሻል!» አለ ወዳጄ።

አልዋሸም። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለ። እሱ ከበራ፣ ሻት ዳውን ስትሉት ዊንዶውስ ፕሮግራሞቹን ይዘጋና የራሱን ዋና ክፍል ግን እንዳለ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ያንቀላፋል። ጠዋት ቶሎ የሚነሳው ለዚህ ነው። የትናንቱን ድካም ጥሎ እንደ አዲስ የሚነሳው ሪስታርት ሲባል ነው። ይህን ለወዳጄ ነገርኩት። ሪስታርትን ግን ከድሮም አይወድም፤ «መልሶ ለሚበራ ነገር ምን አጠፋው?» ባይ ነው። ሰውየው ፍልስፍና አለው፤ አልተከራከርኩም።

አፕዴትን የዘጋንበትን ጥበብማ ዓለም ገና አልገባውም። በ2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የሚሉት ቫይረስ የሰዉን ፋይል እየቆለፈ 300 ዶላር በቢትኮይን አምጡ ሲል 150 ያህል አገር አዳረሰ። እንግሊዝ ውስጥ ሆስፒታሎች የበሽተኛ ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ቀዳዳውን የሚደፍነው አፕዴት ከማይክሮሶፍት የወጣው መጋቢት 5 ነበር፤ ቫይረሱ የተነሳው ግንቦት 4። ሁለት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረው። እስቲ ያንን አፕዴት ቀድሞ የጫነ ሰው ምን አተረፈ? ለልጅ ልጅ የሚያወራው አንድ ታሪክ እንኳ የለውም። ግንቦት 4 ሥራ ገባ፣ ምሳ በላ፣ ወጣ።

(እዚህ ላይ ሽሙጡን ላፍታ ልተወው። በኪሱ ገንዘብ ፓኬጅ ሞልቶ የሚሠራ ሰው ዊንዶውስ ሳይጠይቅ ሲበላበት ቢናደድ አልፈርድበትም። እኔም ተናድጄ አውቃለሁ። ግን የዋይፋዩ ሴቲንግ ውስጥ ግንኙነቱን «ሜትርድ»፣ ማለትም በልክ የሚቆጠር፣ ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ትልልቁን አፕዴት በራሱ አያወርድም። ነጻ ዋይፋይ ሲገኝ ያወርዱታል። በቃ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።)

ዊንዶውስ 7 እንኳ ድጋፉ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው ያበቃው፤ ዛሬም በየቢሮው አለ። ዊንዶውስ 10ም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ተከተለው። እኛ ሽማግሌ ከሥራ አናባርርም።

ክራኩስ? የሚሸጠውን ፕሮግራም ሳይከፈልበት የሚያስከፍተውን ክራክ የሚጭን ልጅ ምን እንደሚያደርግ አይታችኋል? መጀመሪያ አንቲቫይረሱን ያጠፋል። ፕሮግራሙ ራሱ ነው አጥፉልኝ የሚለው። ማለትም ማንነቱ የማይታወቅ እንግዳ ደጅ ላይ ቆሞ «ዘበኛውን አባርሩልኝና ልግባ» ይላል፤ እኛም ዘበኛውን አባረን «ግባ፣ ቤት ለእንቦሳ» እንለዋለን። ዘበኛው ተመልሶ ይጠራል ወይ? ማን ያስታውሳል! እንግዳ ተቀባይነታችን ድሮም የታወቀ ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ለማየት የታደልኩት ባለፈው ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ክፍያ ነበረኝ። የፋይናንሷ ኮምፒውተር ስታክ አድርጎ ኮምፒውተር የሚሠራው ልጅ ተጠርቷል። ልጁ መጣ። ፍላሹ ከቁልፉ ጋር ታስሯል፤ የከተማውን ኮምፒውተር ሁሉ ያዳረሰች ፍላሽ ናት። ስክሪኑን አንዴ አየት አደረገ።

«እትዬ፣ ሲ ሞልቷል። ፎርማት ሳይደረግ አይሆንም።»

«አድርጋት የኔ ልጅ። መሮኛል።»

«ባካፕ አለዎት?»

«አለኝ እንጂ! ባለፈው ካለቀስኩ ወዲህ ያለ ባካፕ ማን ይቀመጣል?»

«የት ነው ያስቀመጡት?»

«እዚሁ ዴስክቶፑ ላይ።»

እውነታቸውን ነው። ሦስት የመጠባበቂያ ፎልደር ተደርድሯል። አንዱ «ባካፕ»፣ አንዱ «ባካፕ አዲስ»፣ አንዱ «ባካፕ የመጨረሻ እንዳይነካ»። ሦስቱም ውስጥ ያለው ያው ነው፤ ፔሮል፣ ቫት፣ የስድስት ዓመት ስካን የተደረገ ደረሰኝ። ዴስክቶፕ ማለት ደግሞ ሲ በሚባለው የዲስኩ ክፍል ውስጥ ያለ አንድ ፎልደር ነው። ፎርማት የሚደረገው ሲ ነው። እሳት ቢነሳ እንዲተርፍ ብለው ወርቁን ጣሪያው ሥር አስቀምጠዋል። ሲንም የሞሉት እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። ጎን ለጎን ዲ አለ፤ አንድ የሠርግ ቪዲዮ ይዞ 400 ጊጋ ባዶውን ተኝቷል።

«ዲ ላይ ቢገለበጥስ?» አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

«ጋሼ፣ ይሄን ለእኛ ይተዉልን» አለኝ ልጁ፣ በአክብሮት። ተውኩለት። ልጁ ጨዋ ነው። «የመጨረሻ እንዳይነካ» የሚለውን ወደ ፍላሹ ገለበጠ። ከዚያ ሲን ጠረገው።

አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ። እትዬ ቡና አስመጡልን፣ እኔም ክፍያዬን ረስቼ ተመለከትኩ። አዲሱ ዊንዶውስ ተጫነ፣ አንቲቫይረሱ ጠፋ፣ ክራኩ ገባ። ሦስት ብራውዘር፣ ሌላ አንቲቫይረስ፣ ማንም የማይከፍተው የቪዲዮ ማጫወቻ፣ ሁሉም ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው እንዲነሱ ሆነው ተደረደሩ። በፊት ያንቀራፈፉት እነዚሁ ነበሩ፤ ታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርትአፕ የሚለው ጋ ገብቶ ዲሴብል ቢላቸው ሁለት ደቂቃ ነው። ግን ለሁለት ደቂቃ ሥራ ማን ይከፍላል?

ማሽኑ ተነሳ። እልል የሚያሰኝ ነው! ክሊክ ሳያደርጉት ይከፍታል። እትዬ አጨበጨቡ። ልጁ ሦስት ጊዜ ሪፍሬሽ አደረገና ፍላሹን ሰካ።

ፍላሹ ውስጥ አንድ ኪሎባይት የሆነች ነገር አለች። ስሟ «ባካፕ የመጨረሻ እንዳይነካ»፣ ጥጓ ላይ ትንሽ ቀስት።

«ሾርትከት ሆነች» አለ ልጁ።

«ምን ማለት ነው?»

«ቫይረስ ነው እትዬ። ድሮውም ማሽንዎ ላይ ነበር ማለት ነው።»

ፎልደሩ እዚያው ፍላሹ ውስጥ ነበር። ይህ ዓይነት ቫይረስ ፋይሉን ይደብቅና በቦታው ሾርትከት፣ ማለትም መጠቆሚያ ብቻ፣ ያስቀምጣል እንጂ አያጠፋውም። አትሪብ በምትባል የአንድ መስመር ትእዛዝ ይገለጣል። ይህንኑ ልናገር አፌን ስከፍት ሥራ አስኪያጁ ከደጅ ብቅ አሉ። የወሩ ፔሮል ዛሬ እንደሚፈለግ ተናገሩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ያ አንድ ድምፅ፣ ያ ልብ ለልብ የሚያገናኘን ድምፅ ተሰማ። እትዬ ራሳቸው ናቸው።

«እንግዲህ ቫይረስ ከሆነ ምን ትጠብቃለህ የኔ ልጅ? ፎርማት አድርጋት!»

አደረጋት። ፍላሽ እንደ ሲ አያስቸግርም፤ አምስት ሰከንድ አልፈጀም።