«ሥልጣን» ሁለቱንም ይሸከማል

ስለ እንግሊዝኛዎቹ ቃላት ፓወር (power) እና ኦቶሪቲ (authority) የቀረበው ጽሑፍ ጸሐፊ «ፓወር ኃይል ነው፣ ኦቶሪቲ ሥልጣን ነው፤ አማርኛ በሚገባ ለይቷቸዋል» ማለቱ አላሳመነኝም። ስለ ኤሌክትሪክ ከሆነ እስማማለሁ፤ ወደ ሰው ሲመጣ ግን ድንበሩ ይጠፋል። «ሥልጣን ያዘ» ስንል የትኛውን ማለታችን ነው? እንግሊዝኛውም ቢሆን ያን ያህል የጠራ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ኤክሱሲያ የሚለውን አንድ የግሪክ ቃል በማቴዎስ 7፥29 ኦቶሪቲ፣ በ28፥18 ደግሞ ፓወር ብሎ ተርጉሞታል። የእኛው በሁለቱም ቦታ ሥልጣን ይላል። ከእኔ በፊት አስተያየት የሰጡት ሰው ግን «ልዩነቱ የመዝገበ ቃላት ጨዋታ ነው» ሲሉ ተሳስተዋል። እኔ ከባሕር ዳር ጣና ላይ ጀልባ እነዳለሁ። መሪው በእጄ ስለሆነ ጀልባዋን ወደፈለግሁበት አዞራታለሁ፤ ይህ ፓወር ነው (ማዕበል ካልተነሣ በስተቀር)። ክብራን ገብርኤል ስንደርስ ግን ገዳሙ ሴት አያስገባም። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ድምፃቸውን ሳያነሡ «እህቶቻችን እዚሁ ይቆዩ» ሲሉ፣ ከየትም አገር የመጣች ጎብኚ እሺ ብላ ትቀመጣለች። አባ በእጃቸው የያዙት መቋሚያ ብቻ ነው፤ እሱንም ተደግፈውበት።