ሁለት ስክሪን፣ ሁለት ዓይነት ቀለም

"ሁለተኛ ሞኒተር ግዙ፣ ሥራ ይፈጥናል" ይባላል፤ ቀሪውን ግን ማንም አይናገርም። ፎቶውን ከግራው ስክሪን ወደ ቀኙ ስትጎትቱት የጠይሟ ሙሽራ ፊት ብርቱካናማ ሲሆን የትኛውን ታምናላችሁ? አንድ ዓይነት ሞዴል ቢሆኑ እንኳ ቀለማቸው ይለያያል፤ አንዱ ሰፊ የቀለም ክልል ኖሮት ሌላው ኤስአርጂቢ (የተለመደው ጠበብ ያለ የቀለም ክልል) ብቻ ከሆነማ ጨርሶ አይገናኙም። በዓይን እየገመቱ ቁልፍ መነካካት ያባብሰዋል እንጂ አያስተካክለውም። የቀለም መለኪያ መሣሪያ ያስፈልጋል፦ ሞኒተሮቹ 30 ደቂቃ ይሙቁ፣ ሁለቱም ወደ 6500 ኬልቪን (የነጩ ቀለም ሙቀት)፣ ጋማ 2.2 (ከጥቁር ወደ ነጭ የሚደምቅበት አካሄድ) እና 120 ኒት (የስክሪኑ ድምቀት) ይምጡ፣ ለእያንዳንዱም የራሱ ፕሮፋይል (የስክሪኑን ቀለም ለኮምፒውተሩ የሚገልጽ ፋይል) ይቀመጥ። ብርሃኑን በራሱ የሚቀያይረው ማስተካከያ ካልጠፋ ደግሞ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

መሰኪያውስ! የላፕቶፑ የምስል መሰኪያ ኤችዲኤምአይ 1.4 ከሆነ 4ኬን (እጅግ ጥራት ያለውን ምስል) በ30 ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 30 ጊዜ ብቻ እያደሰ ነው የሚያሳየው፤ ማውሱ ይንቀራፈፋል፣ ኤዲተሩ ጥፋቱን ሶፍትዌሩ ላይ ይጥላል። ዩኤስቢ ሲ ሁሉ ምስል አያወጣም፤ ቅርጹ አንድ፣ ሥራው ለየቅል። ሻጮች ይህን ለምን አይናገሩም? የአፕል ላፕቶፕ የሆነው ኤም1 ማክቡክ ኤር በራሱ አንድ ተጨማሪ ስክሪን ብቻ እንደሚቀበል ገዢው ማወቅ ያለበት ብሩን ከመክፈሉ በፊት ነው፣ ሁለት ሞኒተር ተሸክሞ ቤቱ ከገባ በኋላ አይደለም።